የአዋቂዎች ነርስ

በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ደብተር ገዛሁ ከመርካቶ፣
ሻጩም «ለልጅሽ ነው?» አለኝ፣ ስስ ፌስታል ውስጥ ከቶ።
«አዎ፣ ጎበዝ ናት» ብዬው ወጣሁ፣
ደብተሬን ሆዴ ላይ አቅፌ በሂርማታ ዝናብ መጣሁ።

ስምንት ዓመት ሰቃ ነበርኩ፤
በስልክ መብራት ያዋለድኩ፣
ጓንት ሲያልቅ ከጤና ኬላ የለመንኩ፣
«ተረኛዋ ቀረች» ሲሉኝ ጋወኔን መልሼ ያጠለቅኩ።

ደብዳቤው ሲደርሰኝ ታዲያ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ይላል፣
ከሥሩም በደማቁ «የአዋቂዎች ጤና ነርሲንግ» ተብሏል።
ለእናቴ ቦንጋ ደወልኩ። ሰማች። ዝም አለች ትንሽ።
«ምነው ልጄ፣ ተምረሽ ተምረሽ አዋቂ ቤት ምን አስኬደሽ?»
«አይደለም እማዬ፣ ለትልልቅ ሰዎች ማለት ነው።»
«እና እስከ ዛሬ ያከምሽው ማንን ነው?»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሌሊት ሌሊት እፈልጋለሁ፣
መብራት በጠፋ ቁጥር ላፕቶፔን ዘግቼ የጣሪያውን ዝናብ እሰማለሁ።
ዶርም ያሉት ልጆች በእኔ ዕድሜ እናት አለቻቸው፣
«እትዬ» ይሉኛል፤ ሠንጠረዥ መሥራት ላይ ግን እኔ ነኝ ተማሪያቸው።
መምህሬ አብነት ደግሞ፣ ድሮ ሰቃ ለልምምድ መጥቶ
የወላድ ደም ሲያይ ወድቆ በስኳር ውሃ ያነሳሁት፤
ቀይ አይቶ የወደቀው ልጅ፣ ዛሬ በቀይ እስክሪብቶ
የጻፍኩትን ሁሉ ያደማዋል።

ኅዳር ላይ፣ የወንዶች ክፍል፣ አልጋ አሥራ አራት፣
ኦቦ ተማም አባ ጮራ፤ በርጩማ ሠሪ፤ ስኳር ከያዛቸው አሥራ ሰባት ዓመት።
ግራ እግራቸው ጠቁሯል፤ ማክሰኞ ይቆረጣል።
የእኔ የቤት ሥራ፣ «ለታካሚው የማስተማሪያ ዕቅድ»፤ በስድስት ገጽ ተዘጋጅቷል።
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ኦቦ ተማም፣ ስለ ማክሰኞ…» ስል፣
«ኢንተላ ኮ» አሉ፣ ወንበሬን ቁልቁል እያዩ፣ «ይሄ ነገር ይንገዳገዳል።»
እውነትም ይንገዳገድ ነበር። አንዱ እግሩ ወለሉን አይነካም።

«በርጩማ ሦስት እግር የሆነው ለምን ይመስልሻል?»
«እንጨት ለመቆጠብ ይሆን?»
ሳቁ። ሳሉ እስኪጥላቸው ሳቁ። «ዋንዛ መች ጠፍቶ!
የሰው ቤት ወለል ጭቃ ነው፤ ዳገት ነው፤ ልክ አይደለም።
አራት እግር ልክ ወለል ይሻል። ሦስት እግር ወለል አይመርጥም፤
የትም ብታኖሪው አይንገዳገድም።»

ከዚያ ብርድ ልብሱን ገልጠው የተጠቀለለ እግራቸውን አዩ፣
እንደ ግንድ፤ መጋዙ የሚያርፍበትን በስንዝር ለክተው ለዩ።
«ከዚህ ከፍ አድርጉት፤ የነቀዘ ጫፍ አይተውም» አሉ።
«ሁለት ምርኩዝ ስጡኝ። አንድ እግር አለኝ። ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ።

ስድስቱን ገጽ አጥፌ ጋወኔ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው።
«ለልጄ» በገዛሁት ደብተር አዲስ ዕቅድ ጻፍኩ፣ አንድ ገጽ ብቻ፣
መሐሉ ላይ ባለ ሦስት እግር በርጩማ፤ ሥዕል አልችልም፣ ድስት መሰለ።

በአሥረኛው ቀን በኮሪደሩ ሲመጡ ድምፁን ሰማሁ፣
ጧ፣ ጧ፣ ዱብ። ጧ፣ ጧ፣ ዱብ። ወለሉ እርጥብ ነበር። አልወደቁም።

ዕቅዴ ተመለሰልኝ። በቀይ፣ ከኅዳጉ ላይ፣
«ሐሳቡ ጥሩ ነው። ምንጭ ይጠቀስ።»
ብዙ ቆየሁ እስክሪብቶዬን ይዤ።
ከዚያ እንደ ደንቡ፣ ስም አስቀድሜ፣
ተማም አባ ጮራ። አልጋ አሥራ አራት። በቃል።

ማታ ለእናቴ ደወልኩላት።
«አዋቂ ቤት ነበርኩ» አልኳት።